አርባ ጠበቃ ያወጣው አስጠኚ

ኢቦ ዳድዚን ማዲና ሰፈር ውስጥ «ጠበቃው» የማይለው የለም። ጠበቃ ግን አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ አክራ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የሰው ክርክር ሲገለብጥ ኖረ፤ ማታ ማታ ተምሮ የሕግ ዲግሪውን ያዘ፤ ከዚያ የጠበቆች ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ላይ ተገትሮ ቀረ። ሰባት ጊዜ ወደቀ! ይኸው ሰው ታዲያ በረንዳው ላይ ሌሎችን እያስጠና አርባ ያህሉን አሳልፏል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያሉ ጎረቤቶቹ ይስቁበታል። ምን ይበል፣ እውነታቸውን ነው።

ማስጠናቱን ግን ማንም አይስተካከለውም። «ከአራቱ ምርጫ ሦስቱን ውሸታሞች መጀመሪያ አስወጡልኝ፣ እውነተኛው ብቻውን ይቀራል» ይላል። ከዚያ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። አንድ ጥያቄ ላይ ከደቂቃ በላይ ያፈጠጠ ተማሪ ወረቀቱን ይነጠቃል። «እለፊው! ጥያቄ እኮ ባልሽ አይደለም፣ ምን ያጣብቅሻል?» ሲላት፣ በነርስነት እየሠራች ሕግ የተማረችው ተማሪው ናርኪ በሳቅ ትፈርሳለች።

ዘንድሮ ራሱ ለስምንተኛ ጊዜ ሊፈተን ነው። ሚስቱ ማንሳ ቁርጡን ነግራዋለች። «ከወደቅህ ኩማሲ ከተማ ሄደን ወንድሜ ሱቅ የመኪና ዕቃ ትሸጣለህ። በቃኝ ኢቦ፣ አንጀቴ አረረ!» እሱም «ከወደቅሁ እሄዳለሁ፣ የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ» ብሎ ምሎላታል።

የፈተናው ዕለት ናርኪ ከኋላው ተቀመጠች። ከስድሳው ጥያቄ አርባ አራተኛው ላይ የሁለት ወንድማማቾች የመሬት ክርክር መጣ። ኢቦ ፍርድ ቤት እያለ እንዲህ ያለውን መዝገብ ስንቱን በእጁ ገልብጧል! ሁለት መልሶች ልክ መሰሉት፤ አንደኛው ለምን እንደማይሆን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ እንደ ፍርድ ሐተታ ይጽፍ ጀመር። ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ናርኪ ጥያቄውን እንዲያልፈው ሆን ብላ ሳለች፤ ማን ሰምቷት! «እስክሪብቶ አስቀምጡ» ሲባል ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ ስድስት ጥያቄዎች ባዶ ነበሩ።

ያለፉት ሰዎች የፈተና ቁጥር ሲለጠፍ የናርኪ አለ፣ የኢቦ የለም። ናርኪ ኬንኬ የሚሉትን የበቆሎ ሊጥ ቅቅልና የተጠበሰ ዓሣ ይዛ ልታመሰግነው መጣች፤ ማንሳ ለኩማሲ የምታዘጋጀውን ሻንጣ ስታይ ግን ምስጋናውን ትታ ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«መምህር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አይቆጡኝና፣ ለሚመጣው ዓመት እኔ ላስጠናዎት።»

የኢቦ ደም ፈላ። የትናንት ተማሪው! ሊሰድባት አፉን ከፈተና ወደ ሚስቱ ዞረ። ማንሳ አሁን ትጮኻለች፣ መሐላዬን ታነሳብኛለች አለ በልቡ። እንድትጮህ ፈለገ። በየዓመቱ የምትጮኸው እኮ ፈተናውን ያልፋል ብላ ስለምታምን ነበር።

ማንሳ አልጮኸችም። ሸሚዞቹን ከሻንጣው አንድ በአንድ አውጥታ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለሰች። «እሺ በላት እንጂ ኢቦ» አለችው፣ የታመመ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። «ምን ቸገረን፣ ዝም ብለህ ተፈተን።»

ስምንት ጊዜ ወድቆ እንባ ያልወጣው ሰው፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።