ጫማውን አውልቆ የገባው ሌባ

አሰላ የገባሁት መንግሥት መድቦኝ ነው። በደርግ ጊዜ አስተማሪ አገር አይመርጥም፤ ጽፈው ይሰጡታል፣ ይሄዳል። ከደብረ ማርቆስ ስነሳ እናቴ ያስያዘችኝ ጋቢ አንድ ብቻ ነበር፤ ለጭላሎ ብርድ አንድ ጋቢ ምንም ማለት እንዳልሆነ ያወቅሁት በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ስለዚህ ሹራብ የሚሠሩ ሴትዮ ግቢ ውስጥ የሚከራይ ክፍል አለ ሲሉኝ ክፍሉን እንኳ ሳላይ እሺ አልኩ። ሹራቡን አገኘሁ። ከሹራቡ ጋር ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ፤ አከራዬ የጠፋ ነገር ፈላጊ ነበሩ።

ሐሜተኛ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ሐሜት እንዲያውም ያበሳጫቸዋል። የሚወዱት እንቆቅልሹን ነው። የሰፈሩ ሰው ዶሮ ቢጠፋበት፣ ከገመድ ላይ አንሶላ ቢወሰድበት፣ ቀበሌ ከመሄዱ በፊት እሳቸው ጋ ይመጣል። እሳቸው ያረጀ ሹራብ እየተረተሩ ያዳምጡታል፤ አዲስ ክር የማይገኝበት ዘመን ስለነበር ግማሹ ሥራቸው መተርተር ነበር። አንድ ጊዜ ወተታችን ሐሙስ ሐሙስ ብቻ እየቀጠነ አስቸገረን። ሐሙስ ወተት ሻጯ ገበያ ስለምትወጣ ወተቱን የምታደርሰው ትንሿ ልጇ እንደሆነች ደረሱበት፤ ልጅቷ መንገድ ላይ ትጎነጭና ውሃ ትሞላበታለች። ለእናቷ አልተናገሩባትም። ሐሙስ በመጣች ቁጥር መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ወተት ያጠጧት ጀመር፤ ወተቱም መቅጠኑን ተወ። "ማን ሰረቀ ብለሽ አትነሺ፤ ማን ምን ጎደለው በዪ" ይሉኝ ነበር። እኔ እስቅባቸዋለሁ። በኋላ የራሴው ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ ሳቅሁባቸው።

የሰፈሩ ሴቶች የማርያም ማህበር ነበራቸው። በየወሩ በሃያ አንድ በተራ እየደገሱ ይጠጣሉ። ድግሱ ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ቀጣይዋ ባለተራ ቤት ይሸኛል፤ እስከሚቀጥለው ወር እሷ ጋ ይሰነብታል። ጽዋው ከእንጨት የተሠራ፣ በዕድሜ ብዛት የጠቆረ ነው፤ አያቶቻቸው ከሸዋ ሲመጡ ይዘውት እንደመጡ ይነገራል። አከራዬ ማህበሩ ውስጥ ሲያስገቡኝ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስከዛሬ አስታውሳለሁ። ዘመድ በሌለበት አገር ማህበር ዘመድ ነው፤ ብታመም አጥሚት ይዞ የሚመጣልኝ ሰው አገኘሁ ማለት ነው።

እልልታውን ግን ዝቅ ማድረግ ነበረብን፤ ቀበሌ እንዲህ ያለ ማህበር አይወድም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤትና የእኛን ግቢ የሚለየው የጽድ አጥር ብቻ ነው። ሚስቱ ድሮ የማህበሩ አባል ነበረች፤ ባሏ ከተመረጠ ወዲህ ቀርታለች። መንገድ ላይ ስናገኛት አንገቷን ደፍታ ታልፋለች፤ እኛም ሰላም አንላትም። የባሏ ዓይንና ጆሮ ናት ብለን ነበር የምናስበው።

የሰኔ ማርያም ተራው የእኔ ስለነበር ጽዋው እኔ ክፍል ገባ። ሬዲዮዬ ካለበት መደርደሪያ ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥሁት። አንድ ቀን እኔ ትምህርት ቤት ፈተና ስፈትን፣ አከራዬ ደግሞ ኢተያ ለቅሶ ሄደው፣ ግቢው ባዶ ዋለ። በሩን እንደልማዳችን ገርበብ አድርጌው ነበር የወጣሁት። ስመለስ ሬዲዮው አለ፤ ጽዋው የለም።

ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከደጃፌ ፊት ጭቃው ላይ የትልቅ ቦት ጫማ ምልክት ነበር። እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት አየችው፤ በማግስቱ ያላየው አልነበረም። በእኛ ሰፈር ቦት የሚያጠልቁት ሊቀ መንበሩና የቀበሌ ጥበቃዎች ናቸው። ስለዚህ ጽዋውን የወሰደው ቀበሌ ነው ተባለ። ቀበሌ ጽዋው የት እንዳለ በምን አወቀ? የመንግሥት ደመወዝ የምትበላዋ እንግዳ አስተማሪ ነግራ ነዋ። ቦኖ ውሃ ስቀዳ ወሬው ቀጥ ይላል፤ እንስራዬን የሚያሸክመኝ ጠፋ። የማህበሩ ሰብሳቢ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አዛውንት፣ ጉልበታቸው እያመማቸው እኔ ድረስ መጡ።

"የኔ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪንና ይቅር እንበልሽ" አሉኝ።

"የምነግርዎት ነገር የለኝም እማማ። እኔም አላወቅሁም።"

"እንግዲያው እመቤታችን ራሷ ትፍረድ" ብለው ያቀረብሁላቸውን ሳይቀምሱ ወጡ። አለቀስኩ። ከቤቴ ርቄ ያገኘሁትን ቤት በአንድ ቀን እንዳጣሁት ነበር የተሰማኝ፤ ወሬውም ወሬ ብቻ አልነበረም፣ በዚያ ዘመን ጠቋሚ የተባለ ሰው ስሙ አይታጠብም።

አከራዬ ከኢተያ ተመልሰው ሲሰሙ የተናደዱት መጀመሪያ ስለ ራሳቸው ነው። "በእኔ ግቢ!" አሉ። ቀጥለው "ይበቃሻል፤ ለቅሶ እኔም አልቅሼ ነው የመጣሁት። ነይ ውጪ" ብለው እጄን ይዘው አወጡኝ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ስላልጣለ ምልክቱ ደርቆ እንዳለ ነበር።

"ይኸውልሽ፣ ሁለቱ ጫማዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። እዚህ ወልቀው ነው የተቀመጡት። ውስጥ ጭቃ አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"ጠርገሽ ነው?"

"አልጠረግሁም።"

"ጫማውን አውልቆ የሚገባ ሌባ አሰላ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ካድሬ ደግሞ ለጽዋ ጫማ አያወልቅም። የገባው ሰው የሚያምን ሰው ነው።" ጎንበስ ብለው ወደ አጥሩ የሚወስደውን ዱካ ተከተሉ። "አሁን ይሄን እይ። እግሩ የትልቅ ሰው፣ እርምጃው የትንሽ ሰው። የባሏን ጫማ ያጠለቀች ሴት ናት እንዲህ የምትራመድ።"

ዱካው የጽድ አጥሩ ከሳሳበት ቦታ ሲደርስ አበቃ። ማን እንደሆነች ለመገመት አስተማሪ መሆን አያስፈልግም ነበር።

"አሁኑኑ ሄጄ ለእማማ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ደሜ ፈልቷል።

"ቆይ አንቺ ልጅ። ምን ጎደላት? መጀመሪያ እሱን ልወቅ።"

ሊቀ መንበሩ ስብሰባ የሚሄድበትን ሰዓት ጠብቀን ሄድን፤ ስብሰባ የሌለበት ቀን ስላልነበረ ብዙ አልጠበቅንም። አከራዬ የተረተሩትን ክር በክንዳቸው አንጠልጥለዋል። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ፊቷ አመድ መሰለ፤ እሳቸው ግን ትናንት የተለያዩ ይመስል ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"ማሎ፣ እባክሽ እጅሽን አውሺኝ። ይቺ አስተማሪ ክር መያዝ እንኳ አታውቅም" አሏት። ክር መያዝ አሳምሬ አውቃለሁ። ሴትዮዋ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ክሩን አጠለቁላት፣ መጠቅለል ጀመሩ። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ገብሱ ተወራ።

"ልጅሽስ እንዴት ሆነልሽ?"

"ተመስገን እትዬ። ከግንባር መጣልኝ። ትንሽ ያነክሳል እንጂ ደኅና ነው።"

"ተስለሽለት ነበር?"

ክሩ ተወጠረ። ሴትዮዋ አለቀሰች፤ እጇ በክር ስለተያዘ እንባዋን መጥረግ አልቻለችም፣ አከራዬ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት። ልጇ በሕይወት ከመጣ ማህበሩን ልትደግስ ተስላ ነበር። ልጁ መጣ፤ እሷ ግን የሊቀ መንበር ሚስት ናት፣ ማን ጽዋ ይሰጣታል፣ ባሏስ ምን ይባላል? "በአጥሩ ሳይ በሩ ገርበብ ብሏል። ልስመው ብዬ ብቻ ነው የገባሁት። ከሳምሁት በኋላ እጄ አልለቅ አለኝ" አለች። ጽዋውን ከገብስ ከረጢት ውስጥ አወጣችው፤ በጨርቁ ላይ የራሷን ነጠላ ደርባበት ነበር። የሚያናግራት ሰው ስለሌለ በእኔ ላይ የተወራውን አልሰማችም። ስትሰማ እግሬ ላይ ልትወድቅ ተነሳች፤ ክሩ ያዛት። ተናድጄ መሄዴን እዚያ ላይ ረሳሁት።

"ጠላ ጠንስሰሻል አይደል? ጌሾው እኛ ግቢ ድረስ ይሸታል" አሉ አከራዬ።

"ባሌን ለልጄ እንግዶች ነው ብዬው ነው።"

"እንግዲያው እንግዶቹ እኛ ነን። የዚች ልጅ ጠላ ከወዲሁ ኮምጥጧል።" ይሄኛው እውነት ነበር።

ያን ዕለት አከራዬ ጽዋውን ታቅፈው እማማ ቤት ሄዱ። "እኔ ጋ ነበር" አሉ። "ለቅሶ ስሄድ ቤቱ ባዶ ነው ብዬ ደበቅሁትና ረሳሁት።" ቦቱስ ሲሏቸው "የሟቹ ባሌ ነው። በዚህ ጭቃ በሸበጥ ልሂድ ኖሯል?" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ ያገኙ ሴት ገዛ ቤታቸው ያለውን አጡ እየተባለ ከቦኖ እስከ ገበያ መቀለጃ ሆኑ። ያ የፈላጊነት ስም ለእሳቸው ምን እንደነበር እኔ አውቃለሁ። እንደ አሮጌ ሹራብ ተርትረው ለእኔ አለበሱኝ።

የማርያም ዕለት ማለዳ ጠላውና ዳቦው በአጥሩ ቀዳዳ ተሻገረልኝ። ማህበርተኞቹ መጡ፤ እማማም መጡ፣ እንዳፈረ ሰው ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ። የማህበሩ አባት ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ቆርሰው መመረቅ ጀመሩ። "የደጋሿን ቤት ይባርክ" አሉ፤ አሜን አልን። ምርቃቱን ስለለመዱት ማን እንደደገሰ ልብ ሳይሉ "ልጇን ይባርክላት፣ በደጅ በመንገዱ ይጠብቅላት" አሉ። እኔ ባልም ልጅም የለኝም።

"አሜን" የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ።

አከራዬ ጥፍራቸውን መመልከት ጀመሩ። እማማ አጥሩን አዩ፣ በእጃቸው ያለውን ጠላ አዩ፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱና ጽዋውን እንደተሞላ በነጠላቸው ይዘው ወጡ። የጽዱ ቅርንጫፍ ሲንኮሻኮሽ ሰማን። የተናገሩት ነገር ካለ አልሰማንም። ትንሽ ቆይተው ጎደል ያለውን ጽዋ ይዘው ተመለሱ፤ ማንም ምንም አልጠየቀም፣ ጽዋው ዞረ።

እማማ የድሮ ቦታቸው አልሄዱም። እኔ አጠገብ ተቀመጡ። "ይቅር በይኝ የኔ ልጅ። ጠላው ግሩም ነው፤ ማን እንደጠመቀው አልጠይቅሽም" አሉኝ፤ እጄን ይዘው ማህበሩ እስኪበተን አልለቀቁኝም።