የአክስቴ ጋቢ በጣና ላይ

ደብረ ማርቆስ፣ ጓሮዬ ያሰጣሁት ጋቢ ነፋስ ገባበትና ጧ ብሎ ተወጠረ። ያን ድምፅ በልጅነቴ ጣና ላይ ሰምቼዋለሁ።

በጣልያን ጊዜ ነው። አባቴ፣ አክስቴና እኔ አንድ ቁስለኛ አርበኛ በደንገል ታንኳ አስተኝተን የሐይቁን ዳር ይዘን እናሸሻለን። የጣልያን ሞተር ጀልባ ከኋላችን ሲያጓራ የአባቴ ክንድ ከመቅዘፍ ብዛት ዛለ። አክስቴ ብድግ ብላ ጋቢዋን በሁለት እጇ ዘረጋችው። ታንኳዋ ተፈተለከች።

«እታለም፣ ተቀመጪ! ትወድቂያለሽ!» አላት አባቴ።

«ዝም ብለህ አቅናት! ነፋሱን ጣልያን አልገዛውም!»

እኔም ነፋሱ እንዳይማረክ ብዬ የጋቢውን ጫፍ ጨበጥሁ።

ደንገሉ መሀል ገብተን ካመለጥን በኋላም እጆቿ አልታጠፍ አሉ። አባቴ እንደ ሕፃን እያባበለ አወረዳቸው።

ዛሬ ልብስ ሳሰጣ ክንዴ ቶሎ ይዝላል፤ ለማውረድ ግን አፍራለሁ።