የውባንቺ መርዶ

ውባንቺ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ ፀጉር ቤት ተቀጥራ ሹሩባ ትሠራለች። ከእኔ ጋር ቤት ተጋርተን ስለምንኖር ልጄን ኤልናታንን አብራኝ ነው ያሳደገችው። ኬንያውያን ደንበኞቿ በመስታወት ራሳቸውን አይተው ደስ ሲላቸው «ሴንሴሽናል» ይሏታል። እሷም ለመደችው። ጨው የተስተካከለለት ወጥ ሴንሴሽናል፣ ቶሎ የመጣ ማታቱ ታክሲ ሴንሴሽናል፣ የኤልናታን የመጀመሪያ ጥርስ ሳይቀር ሴንሴሽናል። ትርጉሙን ብጠይቃት፣ አፍ የሚያስከፍት ነገር ነው በቃ አለችኝ።

ዛሬ ቃሉ ከአፏ አይወጣም። ማታቱ ውስጥ ሰው ስልኩን ጮክ አድርጎ ቪዲዮ ከከፈተ፣ መንገዳችንን ሳንጨርስ እንወርዳለን።

ወንድሟ ዓለምሰገድ በሞያሌ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። አንድ ጠዋት የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ገብሬ ደወሉልኝና መኪናው ተገልብጦ እንደሞተ ነገሩኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ሥራ ቦታ፣ ሰው ፊት። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቤት መጥተው ሊያረዷት ተስማምተዋል። እስከዚያ እንዳትሰማ መጠበቅ የእኔ ድርሻ ሆነ። ስልኳን ለኤልናታን ካርቱን ከፍቼ ሰጠሁት፤ ባትሪው እስኪሞት አየበት። ቻርጀሩን ደበቅኩ። ከዚያ ልጁን አዝዬ ፀጉር ቤቱ ድረስ አብሬያት ሄድኩ።

ያላሰብኩት የደንበኛዋን ስልክ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሠርክ የምትባል፣ እዚሁ ናይሮቢ ያደገች የእኛው ልጅ ናት። ስልኳን ስትነካካ ቪዲዮ ላይ አንድ ሰውዬ በአማርኛ፣ የኳስ ጨዋታ እንደሚያስተላልፍ እየጮኸ፣ ከጀርባው ሙዚቃ ለቆ መጣ።

«ሴንሴሽናል ቪዲዮ ከሞያሌ መንገድ። ሳታዩ እንዳታልፉ።»

ሠርክ ስልኩን ወደ ላይ አንስታ አሳየቻት። በተገለበጠው መኪና ግንባር ላይ የውባንቺና የዓለምሰገድ እናት ስም በትልቁ ተጽፏል።

የውባንቺ እጅ አልቆመም። የጀመረችውን ጉንጉን እስከ ጫፉ ወርዳ ቋጨችው። ወደ እኔ አልዞረችም። ሠርክም ምንም ሳታውቅ አመስግናት ሄደች።

ቤት ገብተን ላናግራት ስል እራት አቀረበች። የወንድሟን ድምፅ ለማስታወስ ስትሞክር የሚመጣባት የዚያ ሰውዬ ጩኸት እንደሆነ የነገረችኝ ቆይታ ነው። እስካሁንም እሱ ነው የሚቀድመው። ኤልናታን አጎቴ ስለሚለው ዓለምሰገድ ሲጠይቃት ግን የወንድሟን አነጋገር ልታስመስልለት ትሞክራለች፤ አንድ ቀን ይመጣላታል ብዬ አምናለሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። በር ላይ ጠብቄ፣ ቪዲዮውን አይታዋለች ብዬ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ገብሬ፣ እንግዲያው ምን ቀረን፣ ለቅሶ ደርሰን እንሂድ ሲሉ ውባንቺ ከጓዳ ወጣች። ጥቁር አልለበሰችም። ወንበር አቀረበችላቸውና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ጋሽዬ» አለች። «እርስዎ ይንገሩኝ። ቀስ ብለው።»

ጋሽ ገብሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የዓለምሰገድን ስም ከነአባቱ ጠሩ። ያኔ አለቀሰች።