ከፎርማው ግራ በኩል ያለው የዊልማ ነበር

ኦርቪል ታገርት እጁ አርፎ የማያውቅ ሰው ነው። በአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት ባለች ትንሽ ከተማ፣ እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ አርባ ዓመት መጋዝ ሲሞርድ ኖሮ ጡረታ ወጣ። የቀረችለት ደስታ እሑድ እሑድ ከሚስቱ ከዊልማ ጋር በሽጉጥ ኢላማ መምታት ነበረች። ጋራዡ ውስጥ እርሳስ አቅልጠው አረሩን የሚያፈሱት ራሳቸው ናቸው፤ የሱቅ ጥይት ኦርቪልን ያሳፍረዋል።

እርሳሱ የሚፈስበት የብረት ፎርማ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጉድጓድ ስላለው፣ በአንዴ ሁለት አረር ያወጣል። የሽጉጦቻቸው አፈሙዝ ግን እኩል አልነበረም፤ የሱ ሰፋ፣ የሷ ጠበብ ይላል። አረር ልኩን ካላገኘ ኢላማ አይመታም። ስለዚህ ኦርቪል የቀኙን ጉድጓድ ብረት በሚበላ የሞረድ ቅባት አሽቶ ለራሱ አሰፋው።

"የኔን እንዳትነካ" አለችው ዊልማ፤ "እኔ እንደሆንኩ ባለሁበት እየመታሁ ነው።"

እውነቷን ነበር። ሁልጊዜ ትበልጠዋለች፣ እሱም በሷ መበለጡን ለሰው ሁሉ ያወራል።

ዊልማ መጋቢት ላይ ሞተች። ኦርቪል ማፍሰሱን አልተወም፤ የሷ አረር ተኳሽ አጥቶ በየቆርቆሮው ተጠራቀመ። አንድ ቀን የተኩስ ክበብ ጓደኛው ዱዌይን ይህን አይቶ አንጀቱ አልቻለም።

"አንተ ሰው፣ ግማሹን ለማን ነው የምታፈሰው? ግራውንም አስፋውና ተገላገል።"

ለደግ ነበር ያለው። ኦርቪል ሁለት ሳምንት እምቢ ሲል ቆየ። በመጨረሻ የሙት አረር መቁጠሩ አንገሸገሸው፤ አንድ ጠዋት በየቆርቆሮው ያለውን የሷን አረር ሁሉ መልሶ አቀለጠና ግራውን አሰፋው። ሥራው እንከን አልነበረውም። ይሄ ነው ደግሞ የሚያናድደው፤ ምናለ ያን ቀን እንኳ እጁ ቢሰንፍ!

ቅዳሜ ልጁ ኮሪን ከቢሊንግስ ከተማ መጣች። እናቷ ሽጉጡን ለሷ ነበር የተወችላት፤ እስከዚያ ቀን ግን ነክታው አታውቅም።

"አባዬ፣ ነገ በእማዬ ሽጉጥ ልወዳደር አስቤ ነበር" አለችው። "ለሽጉጧ ልክ የሚሆን አረር ተርፏል?"

ኦርቪል ፎርማውን ከፈተና ጣቱን በግራው ጉድጓድ ውስጥ አዞረ።

"ነበረ" አላት። "ባለፈው ሳምንት አቀለጥኩት። ፎርማውንም ለራሴ አሰፋሁት።"

ኮሪን ሌላ ፎርማ እንደሚገዙ ነገረችው። እሱም እሺ አለ። ብረት ተሞርዶ ይቀነሳል እንጂ እንደማይጨመርበት አርባ ዓመት ያውቃል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ በልጁ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።