ከአጥንት ነው ወይ?

ሽማግሌው ከደሃና በእግራቸው መጥተው ሰቆጣ ቤታችን ሲደርሱ ፀሐዩ ከርሮ ነበር። የመጡት አጥንት ሊጠይቁ፣ የዘራችንን ነገር ሊያጣሩ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ የወንድማቸውን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበርና። ሻይ አቀረብኩላቸው።

"ጠላ የለም እንዴ?" አሉ ቤቱን እያዩ።

"እኛ ቤት አይጠመቅም፣ አባባ።"

ምክንያቱን ሰምተውታል፤ ከተማችን ትንሽ ናት። ወንድሜ ከአበርገሌ ፍየል እያመጣ የሚነግድ ሰው ነበር። የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ እግሩ ሲሰበር የሕመም ማስታገሻ ክኒን ታዘዘለት። እግሩ ከማነከሱ በቀር ዳነ፣ ክኒኑ ግን አልለቀቀውም። ሐኪሞቹ ሲከለክሉት ከሰው እጅ መግዛት ጀመረ። ፍየሎቹ አለቁ፤ የእናታችን ኩታ ሳይቀር ተሸጠ። ታክሞ ካቆመ በኋላ እንኳ ክኒን ይገዛበት በነበረው ሰፈር ስናልፍ ላብ ያጠምቀዋል።

"አባታችሁንም የገደለው አረቄ ነው ይባላል" አሉ ሽማግሌው። "ነገሩ ከአጥንት ከሆነ የልጃችን ልጆች ምን ይሆናሉ?"

እናቴ አቀረቀረች። ይህን ቃል ለቅሶ ቤትም ገበያም ስትሰማው ኖራለች። እኔም ማስረዳቱ ሰልችቶኝ ነበር። ቢሆንም ወንድሜን ያከመው ሐኪም የነገረኝን ነገርኳቸው።

"በዘር የሚመጣ ነገር አለ፣ አባባ፤ አልክድም። ግን ዘር ብቻ አይደለም። ክኒኑ ሲደጋገም አንጎል ውስጥ ባለው ዘረመል ላይ ምልክት ይተዋል። ዘረመሉ ራሱ አይለወጥም፤ የቱ እንደሚሠራና የቱ ዝም እንደሚል ግን ይለወጣል። ካቆመ በኋላም ክኒኑ የሚያምረው አንድም በዚህ ነው። ኤፒጄኔቲክስ ይሉታል።"

"ምልክቱ አይጠፋም?"

"አንዳንዱ በጊዜ ይደበዝዛል፤ ሁሉም ይጠፋል ግን አላለኝም።"

"ለልጅስ ይተላለፋል?"

አይተላለፍም ብል በቀለለኝ። "በሰው ላይ ገና በእርግጥ አልታወቀም" አልኳቸው።

ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። እያነከሰ ገብቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

"አባባ፣ ዛሬ ደህና ነኝ። ስለ ነገ ግን መማል አልችልም።"

ሽማግሌው የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። "የሰማሁትን ለወንድሜ እነግራለሁ" ብለው ተነሡ።

መልሱ የደረሰን በገበያተኛ ነው፤ "ለከርሞ እንየው" ብለዋል። ልጅቷ ግን እጠብቃለሁ ማለቷን ሰውየው በሹክሹክታ ነገረኝ።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ ተመልሶ ክኒን ዋጠ። ማንም ሳይጠይቀው፣ "እህቴ፣ አልቻልኩም" ብሎ ራሱ ነገረኝ። ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ አልተቆጣውም። እንዲህ መውደቅ የሕመሙ ጠባይ ነው፣ መምጣትህ ግን መልካም ነው ብሎ እንደገና ሕክምናውን ጀመረለት።

ቤት ስንመለስ እናቴ ፊቴን አየችና፣ "አንቺም እኮ ሰው ነሽ፤ እስቲ ጋደም በይ" አለችኝ። በቀን መተኛት አልወድም። ያን ቀን ግን ከነጫማዬ ተኛሁ።