የልብስ ሰፊዋ ቀኝ እግር

አማቴ በባዶ እግራቸው ነበር የሚሰፉት። ግራው ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ይቀመጣል፤ ቀኙ ግን ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደሉ ጫማውን ወዲያ አሽቀንጥሮ ፔዳሉ ላይ ይወጣል። ክሩ ሲጠብቅ፣ ቺንጋው ሲላላ፣ ጨርቁ ሲወፍርበት መጀመሪያ የሚያውቀው ውስጥ እግር ነው ባይ ናቸው። "ጫማ አድርጌ ከምሰፋ ዓይኔን ጨፍኜ ብሰፋ ይሻለኛል" ይሉ ነበር። ሰፈሩ ስማቸውን ከረሳ ቆይቷል፤ ለሁሉም "ልብስ ሰፊዋ" ናቸው። ባለቤቴንና እህቶቹን ያሳደጉት በዚያች የስፌት መኪና ነው። እኔ ምራት ሆኜ ስገባ የዚህ ቤት ድምፅ የመኪናዋ ድምፅ ነበር፤ ዝም ያለች እንደሆነ ሁላችንም ከያለንበት ቀና እንላለን።

በሽታው በየተራ ነው የገባው። መጀመሪያ ስኳር፣ ቀጥሎ ደም ግፊት። ግፊቱ ልባቸውን አደከመው፤ ስኳሩ ደግሞ ኩላሊታቸውንና ዓይናቸውን ያዘ። ለእያንዳንዱ የራሱ ሐኪም፣ ለእያንዳንዱ ሐኪም የራሱ ቀጠሮ። የሐኪሞቹን ስም መያዝ ቢያቅተን በሚያዩት አካል እንጠራቸው ጀመር።

"ልጄ፣ ነገ ልብ ነው?"

"የለም እማማ፣ ነገ ኩላሊት ነው። ልብ በሳምንቱ።"

ሰው ቢሰማን ሥጋ ቤት የከፈትን ይመስለው ነበር።

ልብ የሚያሸና ኪኒን ይጨምራሉ። ኩላሊት አይተው ግንባራቸውን ቋጥረው ይቀንሱታል። እግራቸው ያብጥና ልብ እንደገና ይጨምራሉ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ በራቸው ላይ የተኮለኮለውን ሕመምተኛ ላየ ለእነሱም ያዝናል። ግን ያናድደኛል፤ ዛሬም ያናድደኛል። ሁሉም የየድርሻውን በደንብ ይዟል፤ አማቴን በሙሉ የያዘ ግን አልነበረም። እግር ደግሞ ጭራሽ ቀጠሮ አልነበረውም።

አንድ ቀን የስኳር ክፍል ነርስ ጫማቸውን አስወለቀቻቸው። ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ነገረቻቸውና ጥጥ ይዛ ጎንበስ አለች።

"እማማ፣ ሲነካዎት ይሰማኛል ይበሉኝ።"

"ይሰማኛል እንጂ!" አሉ አማቴ ኮስተር ብለው።

ነርሷ ገና አልነካቻቸውም ነበር። እሷ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ግድግዳው አየሁ። ከዚያ በኋላ ስትነካቸው ደግሞ ዝም አሉ። ነርሷ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት ገድሎታል፤ ቢወጋም ቢቃጠልም አይነግራቸውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ እንኳን ባዶ እግር ክልክል፤ ውስጥ እግራቸውን ደግሞ ሰው በየቀኑ ያይላቸው። ሰውየዋ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ማን ሰምቶኝ! አማቴ ወይ ፍንክች አሉ።

"ምራቴ እግሬን ይዛ ታገላብጥ? የሰው እግር የሚያገላብጥ ገናዥ ነው። ገና አልሞትኩም።"

"ታዲያ ማን ይይልዎት?"

"ራሴ አየዋለሁ።"

ያን ስኳር የጋረደውን ዓይን ይዘው! ባለቤቴን አስታርቀኝ ብዬ ብለምነው "ተያት እባክሽ፣ አታስጨንቂያት" ብሎኝ አረፈ። ስገባ እግራቸውን ጫማው ውስጥ ይከቱታል፤ ስወጣ ጫማውን ያሽቀነጥሩታል። ያ እግር ፔዳሉን መስማት ካቆመ ቆይቶ ነበር። እሳቸውም ያውቁታል። ግን ይህን ለራሳቸው ከማመን ሞታቸውን ይመርጡ ነበር።

ከዚያ የጎረቤታችን ልጅ የሙሽራ ቀሚስ መጣ። ነጭ፣ ሰፊ፣ ጫፉ ከመኪናው ወርዶ ወለሉ ላይ የሚዘረጋ። ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያለበሷት እሳቸው ናቸውና ለሌላ ሰው አልሰጥም አሉ። ጨርቁ ወፈር ይል ስለነበር መሃል ላይ መርፌ ተሰበረ። ለውጠው ቀጠሉ። የወደቀችውን ስባሪ ማን ይፈልጋታል፤ በዚያ ቤት መርፌ ሲሰበር አዲስ ነገር አይደለም።

ጫፉን ሲዘመዝሙ ደም አገኙበት። ትንሽ ነጠብጣብ። ልብስ ሰፊ ደም ሲያይ የሚያየው ጣቱን ነው፤ አማቴም ጣታቸውን አዩ። ጠሩኝና መስኮቱ አጠገብ ወስጄ አንድ በአንድ አየሁላቸው። ምንም የለም።

"እርጅና ነው፤ ወግቶኝ ይሆናል እኮ፣ አላስተዋልኩም" ብለው ሳቁ። ለደም ከምራቅ የሚሻል የለም ብለው ነጭ ክር አርሰው ቀስ እያሉ አስለቀቁት። አሻራው እንኳን አልቀረም። በማግስቱ ሌላ ነጠብጣብ፣ ዝቅ ብሎ። እንደገና ጣት፣ እንደገና ምራቅ። ቀሚሱ ጉድፍ ሳይገኝበት ወጣ። ሙሽራዋ ክፍሉ መሃል ዞር ዞር ስትል እናቷ እንባዋን ጠረገች፤ አማቴም ኮሩ። ለጨርቁ ያልተጨነቀ አልነበረም።

ቀጥሎ ሽታ መጣ።

"አይጥ ሞቶብናል" አሉኝ ከወንበራቸው ላይ ሆነው። ቁም ሳጥኑን ገፋሁ፣ አልጋውን አነሳሁ፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያውን ዘረገፍኩ። አይጥ የለም። ከመኪናው ሥር ልፈልግ ተንበረከክኩና እግራቸውን አየሁ። ውስጥ እግራቸው ጠቁሯል፤ መሃሉ ላይ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው መግል። እግሩ ፔዳሉን እየረገጠ ነው።

"እማማ! አያምዎትም?"

"ምኑ?" አሉኝ፣ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ።

ራጁ ላይ ግማሽ መርፌዋ አጥንቱ ውስጥ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ስነግራቸው "የእኔ ናት" ብቻ አሉ።

ሐኪሞቹ ሁሉ በአንድ ክፍል ቆመው ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ስንት ዓመት ስመኘው የኖርኩት ነገር! ቀዶ ሐኪሙ ከጉልበት በታች ይቆረጥ አለ። ልብ ማደንዘዣውን ላይችሉት ይችላሉ አሉ። ኩላሊት ቁስሉን የሚያደርቀው ጠንካራ መድኃኒት ኩላሊታቸውን ይጨርሰዋል አሉ። ቀዶ ሐኪሙ ወንበር ስቦ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጠና ለእኛ ሳይሆን ለራሳቸው ነገራቸው።

"እማማ፣ የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። ብንቆርጠው ሊሞቱ ይችላሉ። ካልቆረጥነው ግን አይተርፉም።"

አማቴ አሰቡ።

"ግራውን ውሰዱት" አሉ።

"የታመመው ቀኙ ነው እኮ፣ እማማ።"

"አውቃለሁ። ቀኙ ሥራ አለው። ግራው ዝም ብሎ ተቀማጭ ነው፤ እሱን ውሰዱ።"

የሳቀ የለም። ባለቤቴ ኮሪደር ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አማቴ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ሥር ሰደው ጉልበታቸውን ሲደባብሱ ቆዩ። ከዚያ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ "እሺ" አሉ።

ልባቸው ቻለው። ያ ሁሉ ያስፈራን ልብ ቻለው። ኩላሊታቸው ግን እንደተባለው አልቻለም፤ ደማቸው በመኪና ይታጠብ ቢባል ደግሞ ይህን ልባቸው አይችለውም። ወደ ቤት ይወሰዱ ተባለ። ያን ያሉን ኩላሊት ናቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው። ልቆጣቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ፊታቸውን ሳየው ተውኩት። የስኳር ክፍሏ ነርስ በር ላይ ይዛኝ፣ የተቆረጠ እግር እንዳለ ሆኖ ሊያማቸው እንደሚችልና ሲያማቸው እንዳልደነግጥ ነገረችኝ። ስሜቱ ሞቷል ያለችኝ ያው እሷ ናት፤ አላመንኳትም።

አልጋቸውን መኪናዋ አጠገብ አደረግንላቸው፤ እሳቸው ናቸው የጠየቁት። ሲነቁ እጃቸው ይዘረጋና መዘውሩን ይነካል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ቀና ማለት ልማድ ሆኖብን ነው መሰለኝ፣ ምንም ሳንሰማ ቀና እንላለን።

አንድ ከሰዓት ጮኹ። ከወጥ ቤት እጄን ሳልጠርግ ሮጥኩ።

"ልጄ፣ ወጋኝ!"

"ምኑ፣ እማማ?"

"መርፌው! ቀኝ እግሬ፣ ውስጥ እግሬ ላይ። ጫፉ ሁሉ ይታወቀኛል።" ላብ አጥምቋቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ግን ከሕመሙ ጋር ደስታ የሚመስል ነገር አየሁ። "ይሰማኛል እንጂ! ለዚያች ነርስ ንገሪያት፣ ይሰማኛል። አውጪልኝ።"

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ፋሻው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ አንሶላ ነው። እግራቸው መኖር ካለበት ቦታ ላይ ጎንበስ ብዬ በሁለት ጣቴ ቆንጠጥ አድርጌ ሳብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም።

"ወጣ?"

"ወጣ፣ እማማ።"

"ወዲህ በይው።"

መዳፌን ዘረጋሁላቸው። ዓይናቸው ከማየት ስለደከመ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ ትንሿ ጣት፣ ስፌት እንደሚፈትሹ አድርገው፣ ቀስ ብለው። ጣታቸው አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

"ባዶ ነው" አሉ። "እዚያው አለ።"

ብርድ ልብሱን መለስኩ። ጫፉንም እግር እንዳለ ሁሉ ጠቅልዬ ከፍራሹ ሥር አስገባሁት።