የመከታ ሳል

ሳሉን የሰማሁት ጠዋት ሥራ ልገባ ጫማዬን ሳስር ነው። ደረቅና አጭር፣ ጉሮሮ ውስጥ የቀረ ነገር ለማውጣት የሚታገል፣ መጨረሻው ላይ ትውከት ትውከት የሚለው ዓይነት ሳል ነው። ልጄ ሶስና የምታሳድገው ቡችላ በረንዳው ላይ አንገቱን አስግጎ ያስለዋል። ከመንገዱ ባጃጆች ይጮኻሉ፣ ጎረቤት ሬዲዮውን ከፍቶታል፣ ያ ድምፅ ግን ሁሉንም አልፎ መጥቶ ከቦንጋ አንሥቶ ተወልጄ ያደግሁበት ማንኪራ፣ አባቴ ጓሮ፣ ዋንዛው ሥር አቆመኝ። የጫማዬን ክር እንደያዝኩ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ውሻችን መከታ ቡችላ ሆኖ ወደ ቤታችን የመጣው ዝናብ በበረታበት ክረምት ነው። አባቴ ቢታ ገነት ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ሲመለስ ከካፖርቱ ሥር አውጥቶ ጭቃው ላይ አቆመውና፣ በቆሎውን ከዝንጀሮ ይጠብቅልናል ብሎን ገባ። ለሥራ ነው የመጣው፤ በእኛ ቤት ማንም ለመወደድ ብቻ አይኖርም ነበር። እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ሌላ ልጅም ስላልነበረ ማብላቱና ማሰሩ ለእኔ ተሰጠኝ። ቆጮ ሲጋገር የሚቃጠለውን ጠርዝ እየደበቅሁ እሰጠው ነበር፣ ሌሊት ዝናቡ ሲያስፈራኝ ደግሞ እጄን በግድግዳው ቀዳዳ አውጥቼ ጆሮውን ይዤ እተኛ ነበር።

ኅዳር ገብቶ ቡና ሲለቀም አድጎ ነበር። ቀኑን ሙሉ የቡና ማስጫው አልጋ ሥር ተጋድሞ፣ ዶሮ ሲጠጋ በአንድ ዓይኑ እያየ፣ ፍየል ሲመጣ ብቻ ይነሣ ነበር። አባቴ ቤት ውስጥ የሚያወራው በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛ የሚያወጣው ለማር ገዢና ለውሻው ብቻ ነበር። «ጎበዝ! ጎበዝ መከታ!» እያለ ጭንቅላቱን ሲመታው እሰማለሁ። ለእኔ እንዲህ ያለኝን ቀን አላስታውስም። ግን በውሻው አልቀናሁም፣ ጎበዝነቱን ከፊሉን የራሴ አድርጌ እወስደው ነበር።

የአባቴ ኩራት ማሩ ነበር። ቀፎዎቹን ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፎች ላይ በገመድ እየጎተተ ይሰቅላል፣ ግንቦት ሲደርስ ይቆርጣል፣ ከቦንጋ የሚመጡ ነጋዴዎችም ደጃችን ላይ ይሰለፋሉ። የወልዴ ማር ለሳል ፍቱን ነው ይባል ነበር። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ያስፋፋው ግን አባቴ ራሱ ነው። ልጅ ያሳለው ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል፣ እሱም ለእያንዳንዱ ደረቱን ነፍቶ ስንት ማንኪያ እንደሚወሰድ እንደ ሐኪም ያዝዝ ነበር። መከታ ታዲያ ሲያስለው ሲያስለው በዚያው በግንቦት ያስለዋል?

ሳሉ በጀመረ በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘነቡ መጡ። እትዬ ዘነቡ ቦንጋ ገበያ ላይ ማር የሚሸጡ ትልቅ ነጋዴ ናቸው፣ በየዓመቱም የመጀመሪያውን ማር ቀምሰው ዋጋ የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ። ሌሎቹ ገዢዎች ከኋላ ቆመው ፊታቸውን ያያሉ። እትዬ ዘነቡ ጣታቸውን ልሰው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ መከታን በሩ ላይ ያስለው ጀመር። አንዴ አይደለም፣ እየደጋገመ።

«ጋሽ ወልዴ፣» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ «ማርዎ እንዲህ ፍቱን ከሆነ መጀመሪያ ውሻዎን አያድኑበትም?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ፣ አሳሳቁን አውቀዋለሁ፣ ጥርሱ ብቻ ነበር የሳቀው። ገዢዎቹ ከሄዱ በኋላ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ይህን ውሻ ከዓይኔ አርቂልኝ። ጓሮ እሰሪው» አለኝ።

ጓሮ ነው ያለው። ጓሮ ሰፊ ነበር፣ የዶሮው ቤት ቋሚ አለ፣ የአጥሩ እንጨት አለ። ዋንዛው ሥር አላለኝም። ዋንዛው ላይ አባቴ ለቤት ብሎ ዝቅ አድርጎ የሰቀለው አንድ ቀፎ ነበር። እኔ ግን ያን ቦታ የመረጥኩት እንሰቱ ስለሚጋርደውና ከማድቤት ስለማይታይ ነው። እንዳልታይ የፈለግሁበት ምክንያት ነበረኝ። እናቴን ለመከታ አንድ ማንኪያ ማር እንድትሰጠኝ ጠይቄያት፣ «ማር ለውሻ? ደግሞ ሰው ይስማሽ!» ብላኝ ነበር። እኔ ግን አባቴ ለሰው ሁሉ የሚናገረውን አምኜ ነበርና፣ ከሚሸጠው ማር እየሰረቅሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልሰው ጀመር። ያሰርኩበትም ቋጠሮ አባቴ ቀፎ ሲጎትት የሚቋጥረው፣ በተሳበ ቁጥር የሚጠብቀው ነበር። ያስተማረኝ እሱ ነው፣ እኔም እኮራበት ነበር።

አንድ አርብ ሲመሽ አባቴ የዋንዛውን ቀፎ ቆረጠ። መከታን ለዚያች ምሽት ወደ በሩ አምጥተነው ነበር። ማር በተቆረጠ ማግስት ንብ እንደሚቆጣ፣ ጠጋ እንደማይባል ቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፣ እኔም አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ገዢ ሊመጣ ነበር፣ ቀፎውም ጸጥ ያለ መሰለኝ፣ ውሻውን ወስጄ እዚያው ቦታው ላይ አሰርኩት። ማሩን ሰጠሁት፣ ከሳሉ የተነሣ አልዋጥ አለው። እኔን ሲያስለኝ እናቴ ቅቤ አሙቃ ጉሮሮዬን ታሸኝ ስለነበር፣ እኔም ከነሰፈፉ በእጄ አፍሼ አንገቱን፣ ደረቱን፣ አገጩን በማር አሸሁት። ዝም ብሎ ቆመልኝ። ከዚያ እናቴ ውኃ ቅጂ ብላ ስትጠራኝ እጄን በሣር ጠርጌ ሄድኩ።

ከምንጭ ስመለስ ጩኸቱን ሰማሁ። ዋንዛው ሥር የነበረውን ብዙ አላወራውም። በሳበ ቁጥር ቋጠሮው እየጠበቀ፣ አንገቱ ላይ ማሩ ላይ የሰፈረውን ንብ ሊነክስ እየዞረ፣ ገመዱን ግንዱ ላይ ጠቅልሎ ጨርሶት ነበር። አባቴ ደረቅ የእንሰት ቅጠል አስሮ ለኩሶ፣ ፊቱን እንኳ ሳይሸፍን ገባበትና በገጀራ ገመዱን ቆረጠው። እኔ እንስራዬን እንዳዘልኩ ቆሜ ነበር። መከታ እስከ ማግስቱ ረፋድ ቆየ። ያን ሁሉ ጊዜ አንዴም አልሳለም።

አባቴ ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተደፍኖ ራሱ ቀበረው። ማታ ቆጮው ቀርቦ ማንም ሳይበላ፣ በካፊኖኖ፣ ለእናቴ ይሁን ለራሱ በማይታወቅ ድምፅ፣ «ጓሮ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቀፎ መቁረጤን እያወቅሁ ቦታውን ሳላይ» አለ። እኔ ጣቶቼ ገና የሚጣበቁ ይመስለኝ ነበር። ማሩን ልናገር አፌን ከፈትኩና ቆጮ ጎረስኩበት። ፈሪ ነበርኩ። ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ ጥፋቱን ሌላ ሰው ሲወስደው ውስጤ ቀለል ብሎት ነበር።

በቀጣዩ ክረምት በቆሎውን ዝንጀሮ ጨረሰው። ሌላ ውሻ እንስጥህ ያሉትን ሁሉ አባቴ እምቢ ብሎ፣ ማሳው ዳር ጎጆ ቀልሶ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ዝናብ ውስጥ ጣሳ እየደበደበ ራሱ ይጠብቅ ነበር። ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ዋንዛው ላይ ያለውን ቀፎ አውርዶ ፈለጠው፣ ማሩንም ከዚያ ወዲህ ለሳል ብሎ ሸጦ አያውቅም። ለሳል ነው ወይ ሲሉት፣ «ማር ነው» ይል ነበር።

ቡችላውን ዛሬ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ስልኩን እያየ የቡችላውን ጉሮሮ ዳሰሰና፣ «ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው፤ ጭስ አርቁለት፣ አንገቱን በገመድ አትሰሩት፣ በራሱ ይለቀዋል» አለኝ። ለማንኛውም ብሎ ክኒን ሰጠኝ። በራሱ ይለቀዋል። መከታ የሳለው ዘጠኝ ቀን ነበር።

ቤት ስገባ አባቴ በረንዳው ላይ ነበር። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። ሶስና ቡችላውን ተቀብላኝ ልታስተኛው ስትል፣ «ሶስናዬ፣» አላት፣ «ጓሮ እንዳታስሪው። እኔ አንዱን እንደዚያ አድርጌ ገድየዋለሁ።»

«አንተ አባባ? እንዴት?»

«ያስለው ነበር። ሰው ሳቀብኝና አፍሬ ጓሮ አሳሰርኩት፣ ንብ ፈጀው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሶስና ዞራ አየችኝ። አያቷ ትንኝ ሲገድል እንኳ አይታ አታውቅም። «እውነት ነው እማዬ?» አለችኝ።

አባቴም አንገቱን ወደ እኔ አዘንብሎ መልሴን ጠበቀ። ክኒኑ እጄ ውስጥ ነበር፣ ላቤ አጣብቆት።

«እውነት ነው» አልኳት።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ያደረግሁት ዝም ማለት ብቻ ነው። ዛሬ ግን ልጄ ፊት በአባቴ ላይ በአፌ መሰከርኩበት።